ስንት ድር አንበሳ ያስራል? በውኃ የሚሟሙ ፖሊመሮች በሃይድሮጂን ቦንድ የመጣመራቸው ታሪክ

ለፋኩልቲው ተማሪዎች፣ መምህራንና ተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር



የዛሬው ርእሴ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙ ገጽ የማይሰጠው፣ ነገር ግን ሳይንስ እንዴት እንደሚያድግ በሚገባ የሚያሳይ አንድ ክስተት ነው። በንግግሬ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ክስተቱ የሚከተለው ነው። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ፖሊአክሪሊክ አሲድ የተባለው ፖሊመር በውኃ ሟሙቶ ይገኛል፤ በሌላው ብርጭቆ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ። ሁለቱም ሙሙቶች እንደ ንጹሕ ውኃ ጥርት ያሉ ናቸው። አሲድነቱ ከፍ ባለ ውኃ ውስጥ፣ ፒኤቹ ከ3 በታች ሲሆን፣ ሁለቱን ስንቀላቅላቸው ግን ድብልቁ ወዲያው ይደፈርሳል፤ ጥቂት ቆይቶም ነጭ ዝቃጭ ከታች ይቀመጣል። ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ቢደረግበት ዝቃጩ ይጠፋና ሙሙቱ እንደገና ይጠራል። አሲድ ቢመለስለት ድፍርሱም ይመለሳል። በዚህ ሁሉ መካከል በሁለቱ ፖሊመሮች አንድም አዲስ ኮቫለንት ቦንድ አልተፈጠረም።

እንግዲህ እያንዳንዳቸው ከውኃ ጋር እጅግ የሚስማሙ ሁለት ነገሮች፣ ሲገናኙ ውኃን የሚተዉት ስለ ምንድን ነው? ዛሬ ለዚህ ክስተት የተሰጠው ስም «በሃይድሮጂን ቦንድ የተያያዘ የፖሊመሮች ኮምፕሌክስ» የሚል ነው። በዚህ ንግግር ሁለት ነገሮችን ለማሳየት እሞክራለሁ። የመጀመሪያው፣ ይህ ስም ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የሚነግር መሆኑን ነው። ሁለተኛው፣ ነገሩ ከትዝብት ወደ ሳይንስ የተሸጋገረው አዲስ መሣሪያ ስለተገኘ ሳይሆን፣ ትክክለኛው ጥያቄ ስለተጠየቀ መሆኑን ነው።

፩. የ1920 ሁለት ሐሳቦች

ታሪካችን ሁለት ወላጆች አሉት፤ ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ1920፣ በተለያዩ ክፍለ ዓለማት በጽሑፍ ወጡ።

በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ፣ ዌንዴል ላቲመርና ዎርዝ ሮዴቡሽ የተባሉ ኬሚስቶች የውኃን እንግዳ ጠባይ ለማስረዳት ሲሞክሩ፣ አንድ የሃይድሮጂን ኒውክሊየስ በሁለት ኦክሲጅኖች መካከል ሆኖ እንደ ደካማ ማያያዣ ሊያገለግል እንደሚችል ጻፉ። በዚያው ላቦራቶሪ ተማሪ የነበረው ሞሪስ ሃጊንስም ተመሳሳይ ሐሳብ ቀደም ብሎ አቅርቦ ነበር፤ የላቦራቶሪው መሪ ጊልበርት ሉዊስ በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን አልሸሸገም። ሐሳቡን በዓለም ዙሪያ ያሰራጨው ግን በ1939 የታተመው የላይነስ ፖውሊንግ ስለ ኬሚካል ቦንድ ምንነት የሚያትተው መጽሐፍ ነው።

በዚያው በ1920፣ በዙሪክ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ኸርማን ሽታውዲንገር፣ ጎማንና መሰሎቹን የሚሠሩት ሞለኪውሎች በሺህ የሚቆጠሩ አተሞች በእውነተኛ ኮቫለንት ቦንድ የተያያዙባቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው ሲል ተከራከረ። የዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች ግን አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። በእነርሱ አመለካከት እነዚህ ነገሮች ትናንሽ ሞለኪውሎች በደካማ ኃይሎች ተሳስበው የተከማቹባቸው ክምችቶች ነበሩ። ሽታውዲንገር ከማስረጃዎቹ አንዱን ያገኘው ከሙሙት ዝልግልግነት ነው። የተልባ ውኃ ለምን እንደሚዝለገለግ በቤታችን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጥቂት ግራም የሚሆኑ ረጃጅም ሰንሰለቶች በውኃ ውስጥ ተዘርግተው ፍሰቱን ይይዙታል። ዝልግልግነቱ የሰንሰለቱን ርዝመት ይናገራል። ክርክሩ በሽታውዲንገር ድል ተደመደመ፤ በ1953ም የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

እዚህ ላይ የታሪክን ምፀት ልብ እንበል። የተሸነፈው ወገን ዋና ቃል «በደካማ ኃይል መተሳሰብ» የሚል ነበር። ከድሉ በኋላ ይህ ቃል ለፖሊመር ኬሚስት የተጠረጠረ ቃል ሆነ። ከአርባ ዓመታት በኋላ ግን ያው ደካማ ኃይል ተመልሶ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ሰንሰለትን ከሰንሰለት ጋር የሚያጣምር ኃይል ሆኖ።

፪. ሃጊንስ ሁለተኛ ጊዜ

ከላይ የጠቀስነው ሞሪስ ሃጊንስ በታሪካችን ውስጥ እንደገና ብቅ ይላል። በኮዳክ ኩባንያ የምርምር ክፍል ሳለ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ፣ እርሱና ፖል ፍሎሪ በየራሳቸው መንገድ ስለ ፖሊመር ሙሙቶች አንድ ዓይነት ቲዎሪ ደረሱ። ቲዎሪው ዛሬ በሁለቱ ስም ይጠራል።

ከዚህ ቲዎሪ ለእኛ የሚያስፈልገን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ትናንሽ ሞለኪውሎች በቀላሉ የሚቀላቀሉት መቀላቀል ብዙ አዳዲስ አቀማመጦችን ስለሚፈጥር፣ ማለትም ኢንትሮፒን ስለሚያሳድግ ነው። ረጅም ሰንሰለት ግን አሐዶቹ እርስ በርስ ስለታሰሩ በመቀላቀል የሚያገኘው ነጻነት እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሁለት ፖሊመሮች በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲገናኙ ዕጣቸው የሚወሰነው በመካከላቸው ባለው መሳሳብ ወይም መገፋፋት ነው። ጥቂት መገፋፋት ካለ ይለያያሉ፤ ጥቂት መሳሳብ ካለ አብረው ይጣበቃሉ። መካከለኛ መንገዱ ጠባብ ነው። በትንሽ ሞለኪውል ላይ ከቁጥር የማይገባ ኃይል፣ በሰንሰለት ላይ ሲሆን ወሳኝ ይሆናል ማለት ነው። የሃይድሮጂን ቦንድንም የሰንሰለቶችን ቲዎሪም ያሰበ አንድ ሰው ነበር፤ ሁለቱ የተገናኙት ግን በሌሎች እጅ ነው።

፫. ከኤሌክትሪክ ቻርጅ ወደ ሃይድሮጂን

የሁለት ፖሊመሮች መጣመር ራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ሆላንዳዊው ቡንገንበርግ ደ ዮንግ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጄላቲንና የግራር ሙጫ በተመጠነ አሲድነት ሲቀላቀሉ ከውኃው የሚለይ ወፍራም ፈሳሽ እንደሚሠሩ በሰፊው አጥንቶ ነበር። ይህ ሙጫ በቆላማው የአገራችን ክፍልም ከሚገኙ ግራሮች የሚለቀመው ያው ሙጫ ነው። በ1949 ደግሞ ሬይመንድ ፉዎስና ሳዴክ ተቃራኒ ቻርጅ ያላቸው ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች እርስ በርስ እንደሚጣመሩ አሳዩ። በእነዚህ ሁሉ ምክንያቱ ግልጽ ይመስል ነበር፦ አዎንታዊው አሉታዊውን ይስባል።

ከዚያ 1959 መጣ። ስሚዝ፣ ዊንስሎውና ፒተርሰን የተባሉ አሜሪካውያን የኢንዱስትሪ ተመራማሪዎች ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ካርቦክሲሊክ አሲድ ካላቸው ፖሊመሮች ጋር እንደሚጣመር አሳተሙ። ነገሩን እንግዳ ያደረገው ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ምንም ቻርጅ የሌለው መሆኑ ነው። አሲዱም ቢሆን የሚጣመረው ቻርጅ ሳይኖረው፣ ፕሮቶኑን እንደያዘ ሲቆይ ነው፤ ቤዝ ተጨምሮ ቻርጅ ሲያገኝ ጥምሩ ይፈርሳል። ስለዚህ የቻርጅ ማብራሪያ አይሠራም። የቀረው እጩ የሃይድሮጂን ቦንድ ነበር፦ የካርቦክሲሉ ሃይድሮጂን በአንድ በኩል፣ የኢተሩ ኦክሲጅን በሌላ በኩል። በ1964 ቤይሊ፣ ላንድበርግና ካላርድ ይህንኑ ጥንድ በዝልግልግነት ልኬትና በመሰል ዘዴዎች ይበልጥ መርምረው፣ በጥምሩ ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩትን ሁኔታዎች ዘረዘሩ።

ጥያቄው በዚህ የተዘጋ ይመስላል፤ ግን አንድ ትልቅ ችግር ቀርቶ ነበር። በውኃ ውስጥ የአንድ ሃይድሮጂን ቦንድ ጥንካሬ በሞል ወደ 20 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ የውኃ የራሱ የኦክሲጅንና የሃይድሮጂን ኮቫለንት ቦንድ ግን ወደ 460 ይደርሳል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ካርቦክሲሉም ኢተሩም አስቀድመው ከውኃ ጋር በሃይድሮጂን ቦንድ የተያያዙ መሆናቸው ነው። እርስ በርስ ለመያያዝ መጀመሪያ ውኃን መልቀቅ አለባቸው። የሚከፈለውና የሚገኘው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረውም። ለዚህም ነው እንደ አሴቲክ አሲድ ያለ ትንሽ ሞለኪውል ከትንሽ ኢተር ጋር በውኃ ውስጥ ይህ ነው የሚባል ጥምረት የማይፈጥረው። ታዲያ ትንንሾቹ ያልቻሉትን ሰንሰለቶቹ እንዴት ቻሉት?

፬. የሞስኮ ጥያቄ

ይህንን ችግር በቀጥታ የተጋፈጡት በሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ቫለንቲን ካርጊን በ1955 ባቋቋመው የማክሮሞለኪውሎች ትምህርት ክፍል ውስጥ ቪክቶር ካባኖቭ፣ ፓፒሶቭ፣ ባራኖቭስኪ፣ አንቲፒና፣ ዜዚንና ባልደረቦቻቸው ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነገሩን በአዲስ መልክ አነሡት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ትክክል ነው፤ የማይነግረን ግን ስንት ድር እንደሚያስፈልግ ነው። የሞስኮዎቹ ጥያቄ በትክክል ይህ ነበር። የአንዱን ሰንሰለት ርዝመት እያሳጠሩ ቢሄዱ ጥምሩ ቀስ በቀስ ይዳከማል ወይስ በአንድ ነጥብ ላይ ድንገት ይጠፋል? መልሱ ሁለተኛው ሆነ። ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ማለት አጭሩ ፖሊኤቲሊን ኦክሳይድ ነው። ከፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ጋር ለመጣመር የሞለኪውል ክብደቱ ወደ 2000 ገደማ መድረስ አለበት፤ ይህም በግምት 45 አሐዶች ያሉት ሰንሰለት ማለት ነው። ከፖሊአክሪሊክ አሲድ ጋር ለመጣመር ግን ወደ 6000 ገደማ፣ ማለትም ከ130 በላይ አሐዶች ያስፈልጉታል። ከዚያ በታች ያለው ሰንሰለት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በውኃው ውስጥ ብቻውን ይንሳፈፋል።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት ላስረዳ። አንድ ሰንሰለት ከሌላው ጋር ሲገናኝ በውኃው ውስጥ እንደ ልቡ የመንቀሳቀስ ነጻነቱን ያጣል። ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ነገር ግን የሚከፈለው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው መያያዣ ላይ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና መቶኛው መያያዣ ጎረቤቱ አስቀድሞ ስላቀረበለት ያንን ዋጋ ዳግመኛ አይከፍልም። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ መያያዣ የጥምሩን ሚዛን በ1.1 ብቻ ያባዛል እንበል። በ10 መያያዣዎች 2.6 እጥፍ ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ኪሳራ አይሸፍንም። በ50 ወደ 117 እጥፍ ይደርሳል። በ100 ግን ከ13,700 እጥፍ ያልፋል። በአንድ መያያዣ ላይ ሊለካ የማይችል ትርፍ፣ በመቶ መያያዣ ላይ ሊቀለበስ የማይችል ይሆናል። በኬሚስትሪ ይህንን ጠባይ ተባባሪነት እንለዋለን። በዴኦክሲራይቦ ኑክሊክ አሲድ ሁለት ክሮች መካከል የሚታየውም በመሠረቱ የዚሁ ዓይነት ነው።

ካባኖቭና ፓፒሶቭ በ1979 ባሳተሙት የግምገማ ጽሑፍ የዐሥር ዓመት ሥራቸውን አጠቃለሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከእነርሱ ውጭ ያሉም ሌላ በር ከፍተው ነበር፦ ፈርጉሰንና ሻህ በ1968 እንዳሳዩት አክሪሊክ አሲድ ፖሊቪኒል ፒሮሊዶን ባለበት ሙሙት ውስጥ ፖሊመር እንዲሆን ሲደረግ፣ ነባሩ ሰንሰለት ለአዲሱ እንደ ንድፍ ሆኖ ያገለግላል።

፭. ስሙ የሸፈነው ግማሽ

አሁን ወደ ቃል ኪዳኔ ልመለስ። ከላይ የሰጠኋቸውን ሁለት ቁጥሮች ያስተዋለ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባዋል። ፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ከፖሊአክሪሊክ አሲድ የሚለየው በእያንዳንዱ አሐድ ላይ ባለ አንድ ተጨማሪ ሜቲል ብቻ ነው። ሜቲል የሃይድሮጂን ቦንድ አይሠራም። ጥምሩን የያዘው የሃይድሮጂን ቦንድ ብቻ ከሆነ፣ ሜቲል ያለው አሲድ በሦስት እጥፍ አጭር ከሆነ ሰንሰለት ጋር መጣመር የቻለው ስለ ምን ነው?

ሁለተኛ ማስረጃ ከሙቀት ይመጣል። የሃይድሮጂን ቦንድ ሙቀት ሲጨምር ይዳከማል። ስለዚህ ጥምሩ ሲሞቅ ይፈርሳል ብለን እንጠብቃለን። የፖሊአክሪሊክ አሲድና የፖሊአክሪላማይድ ጥምር በእርግጥ እንዲህ ያደርጋል። የፖሊሜታክሪሊክ አሲድና የፖሊኤቲሊን ግላይኮል ጥምር ግን ሲሞቅ ይበልጥ ይጠነክራል። በቴርሞዳይናሚክስ ቋንቋ፣ ይህን ጥምር የሚገፋው ኢንታልፒ ሳይሆን ኢንትሮፒ ነው። ሰንሰለቶቹ ሲቀራረቡ በሜቲሎቹና በኢተሩ ኤቲሊን ክፍሎች ዙሪያ ተደርድሮ የነበረው ውኃ ነጻ ይወጣል፤ ይህም ዘይትን ከውኃ የሚለየው ኃይድሮፎቢክ የምንለው ኃይል ነው።

እንግዲህ የሃይድሮጂን ቦንዱ ሰንሰለቶቹ የት ላይ እንደሚገጣጠሙ ይወስናል፤ ፒኤች ሲለወጥም ጥምሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እርሱ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ግን ብዙ ጊዜ ከሚለቀቀው ውኃ ጋር ተካፍሎ ነው። በመግቢያዬ ላነሣሁት ጥያቄ፣ ውኃን የሚወዱ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው ለምን ውኃን እንደሚተዉ፣ መልሱ እዚህ ላይ ነው፦ ውኃን የሚይዙባቸውን እጆች ለእርስ በርሳቸው ስለሰጡ፣ ለውኃው የቀረለት ውኃን የሚሸሸው ጎናቸው ነው።

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። «የሃይድሮጂን ቦንድ» የሚለውን ስም እንደ ሙሉ ማብራሪያ የወሰደ ተመራማሪ፣ በሙቀት የሚከፈት መድኃኒት ተሸካሚ አዘጋጅቶ በሙቀት የሚዘጋ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

፮. ከዐልማቲ እስከ ስስ ሽፋኖች

ከ1970ዎቹ ወዲህ ርእሱ ወደ ብዙ ማዕከሎች ተስፋፋ። በካዛኽስታን፣ በዐልማቲ፣ ቤክቱሮቭና ቢመንዲና በ1981 ሰፊ የግምገማ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። በማግስቱ ዓመት የጃፓኖቹ የፁቺዳና የአቤ ግምገማ ወጣ። ጃፓናዊው ኦሳዳ የፖሊሜታክሪሊክ አሲድ ስስ ሽፋን ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ሲነካው እንደ ጡንቻ እንደሚኮማተር አሳየ። በፈረንሳይ ኢሊዮፑሎስና ኦደበር የአሲዱ ጥቂት ክፍል ብቻ ቻርጅ ሲያገኝ ጥምሩ እንዴት እንደሚናጋ በቁጥር መረመሩ። በዐልማቲ የተጀመረው ትምህርት አልተቋረጠም፤ ኑርኬዬቫ፣ ሙንና ኩቶሪያንስኪ ጥምሩ ዝቃጭ የሚሆንበትን «ወሳኝ ፒኤች» የፖሊመሮችን የመጣመር ብርታት ለማነጻጸር መለኪያ አድርገው ተጠቀሙበት።

በ1997 ሁለት ቡድኖች፣ የስቶክተንና የሩብነር በአሜሪካ፣ የዣንግ ሺ ደግሞ በቻይና፣ በሃይድሮጂን ቦንድ የሚጣመሩ ፖሊመሮችን በየተራ እየነከሩ ንብርብር ስስ ሽፋን መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ2000 ሱኪሽቪሊና ግራኒክ እንዲህ ያለው ሽፋን ፒኤቹን በመለወጥ ብቻ ሊደመሰስ እንደሚችል አስረዱ። በመድኃኒት ዘርፍ የፔፓስ ቡድን በ1990ዎቹ ፖሊሜታክሪሊክ አሲድንና ፖሊኤቲሊን ግላይኮልን በአንድ ጄል ውስጥ አቀናጀ። ጄሉ በጨጓራ አሲድ ውስጥ ተኮማትሮ ኢንሱሊንን ይጠብቃል፤ አሲድነቱ ዝቅ ወዳለበት አንጀት ሲደርስ አብጦ ይለቀዋል። በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራ በአፍ የተሰጠው ኢንሱሊን የደም ስኳርን ዝቅ አድርጓል። በመግቢያዬ በብርጭቆ ውስጥ ያሳየኋችሁ መደፍረስና መጥራት በአካል ውስጥ የሚሠራ ማለት ነው።

፯. ለእኛ የሚተርፈው

በመደምደሚያዬ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን እንደሚል ልናገር።

በላቦራቶሪዎቻችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ቃል «መሣሪያ የለንም» የሚል ነው። ቃሉ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ችግሩንም የማቃለል ሐሳብ የለኝም። ነገር ግን ዛሬ የተረክሁላችሁን ታሪክ መሠረት ያኖሩት ልኬቶች በአብዛኛው በሦስት ነገሮች የተሠሩ ናቸው፦ ፈሳሽ በጠባብ የብርጭቆ ቱቦ ውስጥ የሚወርድበትን ጊዜ የሚለካ ቪስኮሜትር፣ የፒኤች መለኪያ፣ የሙሙትን ድፍርስነት የሚያሳይ የብርሃን መለኪያ። ሁለቱ ሰንሰለቶች ሲጣመሩ ይጠቀለላሉ፤ ሲጠቀለሉም ዝልግልግነታቸው ይወርዳል። ይህን ለማየት ከፍተኛ ወጪ አያስፈልግም። የ1959ኙን ትዝብት ወደ ሳይንስ ያሻገረው «ስንት አሐድ ያስፈልጋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ አይገዛም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ቋንቋ ነው። የሞስኮው ሥራ አብዛኛው በመጀመሪያ የታተመው በሩሲያኛ ነው፤ ከመምህራኖቻችን መካከል በሶቪየት ኅብረት የተማሩት በቀጥታ ሊያነቡት ይችሉ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚያነበው ዓለም ግን በሰፊው የደረሰው በግምገማዎቹና በትርጉሞቹ አማካይነት ነው። ዕውቀት በአንድ ቋንቋ ብቻ እንደማይወለድ፣ በሌላ ቋንቋ ካልተነገረ ደግሞ ርቆ እንደማይሄድ ሁለቱንም ከዚህ እንማራለን። ይህን ንግግር በአማርኛ ያዘጋጀሁትም ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው ለተማሪዎቼ የምተወው ሥራ ነው። የግራር ሙጫም ሆነ የተልባ ልጋግ ካርቦክሲል ያላቸው፣ በውኃ የሚሟሙ ፖሊመሮች ናቸው። የትኛው ቻርጅ የሌለው ፖሊመር በየትኛው ፒኤች ይጣመራቸዋል? ሲሞቅ ይጠነክራል ወይስ ይፈታል? ዛሬ የዘረዘርናቸው መሣሪያዎች ይህንን ለመጀመር ይበቃሉ። መልሱ «አይጣመሩም» ቢሆን እንኳ፣ ለምን እንደማይጣመሩ የሚያስረዳ ጽሑፍ ለዚህ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ገጽ ነው።